ፈተናና ነጥብ የሌለው ክፍል፤ አረጋውያንን በአጫጭር ኮርሶች ማስተማር ምን ይጠይቃል?

በአንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ፈተና፣ ነጥብና የምስክር ወረቀት ከሌለ ተማሪውን በወንበሩ ላይ የሚያቆየው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ለአረጋውያን አጫጭር ኮርሶችን የሚሰጡ ተቋማት ሁሉ በየሳምንቱ የሚጋፈጡት ነው። በመደበኛው ትምህርት ቤት ተማሪው ደካማ መምህር ቢገጥመውም ውጤቱን ስለሚፈልግ ታግሦ ይጨርሳል። የ67 ዓመቱ ጡረተኛ ግን እንዲታገሥ የሚያስገድደው ምክንያት የለውም። ትምህርቱ ካልጣመው ቅሬታ አያቀርብም፣ ማመልከቻም አይጽፍም፤ በሦስተኛው ሳምንት ዝም ብሎ ይቀራል። ምክንያቱን የሚጠይቀው ቢኖር እንኳን ለቅሶ እንደነበረበት ወይም ጉልበቱን እንዳመመው በትሕትና ተናግሮ ያልፋል። በመሆኑም በእንዲህ ዓይነቱ ክፍል የመምህሩ አቀራረብ በሌላው ትምህርት ከሚኖረው ድርሻ እጅግ የላቀ ድርሻ ይኖረዋል።

ነጥብ የማይያዝባቸው አጫጭር ኮርሶች ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት የሚዘልቁ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ለሁለት ሰዓት የሚሰጡ፣ ወደ ዲግሪም ሆነ ወደ ዲፕሎማ የማያመሩ ትምህርቶች ማለት ነው። የመግቢያ ፈተና የላቸውም። ይዘታቸውም ከታሪክ፣ ከሥነ ጽሑፍና ከሕግ አንስቶ እስከ ሥዕል፣ ጤና አጠባበቅና የእጅ ስልክ አጠቃቀም ይደርሳል።

ትምህርቱ በተቋም ደረጃ መሰጠት ከጀመረባቸው ቀዳሚ ሥፍራዎች አንዷ ኒውዮርክ ናት። እ.ኤ.አ በ1962 ጡረታ የወጡ የከተማዋ መምህራን ኒው ስኩል በተሰኘው ከፍተኛ የትምህርት ተቋም ጥላ ሥር የጡረተኛ ባለሙያዎች ተቋም መሠረቱ። አባላቱ የሚያጠኑትን ርዕስ ራሳቸው መርጠው፣ ራሳቸው ተራ በተራ እየመሩ ይማሩ ነበር። እ.ኤ.አ በ1973 ደግሞ በፈረንሳይ ቱሉዝ ፕሮፌሰር ፒየር ቬላስ የመጀመሪያውን «የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ» ከፈቱ። ስያሜው ከልጅነትና ከሥራ ዘመን ቀጥሎ የሚመጣውን የሕይወት ክፍል የሚያመለክት ሲሆን፣ በፈረንሳዩ አሠራር የሚያስተምሩት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ በ1981 ወደ ብሪታንያ በተሻገረ ጊዜ መልኩን ቀየረ። እንደ ታሪክ ተመራማሪው ፒተር ላስሌት ያሉት መሥራቾች፣ ጡረተኞች መካከል የቀድሞ ሐኪም፣ መሐንዲስና የቋንቋ መምህር እያለ ዩኒቨርሲቲን ደጅ መጥናት ለምን ያስፈልጋል የሚል አቋም ያዙ። ዛሬ በብሪታንያ ከ1 ሺህ በላይ የአካባቢ ቡድኖች በመኖሪያ ቤቶች፣ በቤተ መጻሕፍትና በቀበሌ አዳራሽ መሰል ሥፍራዎች ይገናኛሉ። ዛሬ ያስተማረው አባል ነገ በሌላው ክፍል ተማሪ ሆኖ ይቀመጣል።

በአሜሪካም በርናርድ ኦሸር ፋውንዴሽን የተሰኘው በጎ አድራጊ ድርጅት እ.ኤ.አ በ2001 ለደቡባዊ ሜይን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ከሰጠበት ጊዜ አንስቶ ሥራው ተስፋፍቶ፣ በስሙ የተሰየሙት የዕድሜ ልክ ትምህርት ተቋማት በሁሉም የአገሪቱ ግዛቶች ባሉ ከ120 በላይ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ይገኛሉ። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች መጠነኛ የአባልነት ክፍያ እየከፈሉ ይማራሉ። ከመምህራኑ ብዙዎቹ ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ አበል የሚያስተምሩ ናቸው።

ለመንግሥት ሠራተኞችና ለኃላፊዎች ይበልጥ ቅርብ የሚመስለው ግን የቻይና ተሞክሮ ነው። እ.ኤ.አ በ1982 የአገሪቱ ገዥ ፓርቲ ነባር ካድሬዎች ዕድሜያቸው ሲደርስ ጡረታ የሚወጡበትን ሥርዓት ዘረጋ። ከዚያ ቀደም ኃላፊነት በአመዛኙ የዕድሜ ልክ ነበር። ውሳኔው ከቢሮ የተሰናበቱ፣ ጉልበትና ዕውቀት ግን ያላጡ በርካታ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ለቤት ዳረገ። በተከታዩ ዓመት በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጂናን የመጀመሪያው የአረጋውያን ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። መሰል ተቋማት በጅምራቸው በዋናነት ያገለገሉት ጡረተኛ ሹማምንትን ሲሆን፣ በሂደት ለማንኛውም አረጋዊ ክፍት ሆነዋል። ዛሬ በታላላቅ ከተሞች የሚስተዋለው ችግር የተማሪ ማነስ ሳይሆን የወንበር ማነስ ነው። አንዱ ምክንያት ተማሪዎቹ ኮርሱን ጨርሰው መሰናበትን የማይፈልጉ መሆናቸው ነው። የካሊግራፊ ወይም የመዝሙር ክፍል የገባ አረጋዊ ያንኑ ኮርስ በየዓመቱ ደግሞ ይመዘገባል፤ የለመደውን መምህርና የቡና ጓደኞቹን ማጣት አይፈልግምና። አስተዳዳሪዎች ለአንድ ሰው የሚፈቀደውን የኮርስ ብዛት እስከመወሰን የደረሱባቸው ሥፍራዎች አሉ። እ.ኤ.አ በ2023 በአገሪቱ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ሥር ብሔራዊ የአረጋውያን ዩኒቨርሲቲ ሥራ መጀመሩም የዚህ ፍላጎት ውጤት ነው።

«የዕድሜ ባለጸጋ አእምሮ አዲስ ነገር አይቀበልም» የሚለው አመለካከት በየመሥሪያ ቤቱም በየቤቱም ይደመጣል። ጥናት የሚያሳየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ በ1956 በሲያትል በተመራማሪው ዋርነር ሻይ የተጀመረውና ያንኑ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት የተከታተለው ጥናት፣ የአእምሮ ችሎታዎች ሁሉ በአንድነት እንደማይደክሙ አመልክቷል። ነገሮችን ፈጥኖ የመለየትና የመወሰን ችሎታ ቀደም ብሎ መቀነስ ይጀምራል። የቃላት ዕውቀትና በኑሮ የተከማቸ ግንዛቤ ግን እስከ እርጅና ዘመን ጸንቶ ይቆያል። እ.ኤ.አ በ2014 የታተመው የዴኒስ ፓርክና የባልደረቦቿ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 90 ዓመት የሆኑ ሰዎችን ለሦስት ወራት፣ በሳምንት 15 ሰዓት ያህል ዲጂታል ፎቶግራፍ ወይም የጨርቅ ስፌት ጥበብ አስተምሯል። አዲስና አስቸጋሪ ሙያ የተማሩት ተሳታፊዎች ለመዝናናት ብቻ ከተሰባሰቡት ይልቅ በማስታወስ ችሎታቸው መሻሻል አሳይተዋል። ውጤቱን ማጋነን አይገባም፤ ትምህርት ከመርሳት ሕመም ይፈውሳል አልተባለም። ነገር ግን ለአረጋውያን የሚቀርበው ትምህርት ቀላል ጨዋታ ብቻ መሆን እንደሌለበት በቂ ማሳያ ነው።

ይህ ግኝት ወደ ክፍል ሲገባ የሚሰጠው ትርጉም ግልጽ ነው። አዲሱ ነገር ቀድሞ ከሚታወቀው ጋር ተያይዞ ከቀረበ አረጋዊው ተማሪ በጥልቀት ይረዳዋል። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ በርካታ ነጥቦች በፍጥነት ከተደረደሩ ግን ይጠፉበታል። ስለ መሬት ይዞታ ታሪክ የሚያስተምር መምህር በአዋጆች ቁጥርና ቀን ቢጀምር ክፍሉ ያንቀላፋል። ተማሪዎቹ የ1967ቱን የገጠር መሬት አዋጅ በጆሯቸው የሰሙበትን ቀን፣ የነበሩበትን ሥፍራና በቤታቸው የሆነውን በመጠየቅ ቢጀምር ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከመጽሐፍ የማይገኝ መረጃ ይሰበስባል፤ አዋጁንም ከዚያ በኋላ አንቀጽ በአንቀጽ ማብራራት ይቀለዋል። አሜሪካዊው የጎልማሶች ትምህርት ሊቅ ማልኮም ኖልስ ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ያስተማረው ዋና ነገርም ይኸው ነበር። ጎልማሳ ተማሪ ልምዱን እንደ ማንነቱ ስለሚቆጥረው፣ ልምዱ ችላ የተባለበት ሰው ራሱ ችላ እንደተባለ ይሰማዋል።

አንድ ሰዓት ተኩል በሚፈጅ ክፍለ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዋና ነጥብ ይበቃል። ቀሪው ጊዜ ለጥያቄ፣ ለውይይትና ለመድገም ነው። ወጣት ተማሪዎችን ያስተማረ ባለሙያ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የአንድ ሴሚስተር ማስታወሻውን ይዞ ይመጣና በስድስት ሳምንት ለመጨረስ ይሮጣል። በአጭር ኮርስ ትልቁ የዝግጅት ሥራ ምን እንደሚቀር መወሰን ነው።

ብዙ ጊዜ ትኩረት የማይሰጠው፣ ወጪውም አነስተኛ የሆነው ጉዳይ የክፍሉ ሁኔታ ነው። በ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ ወደ ሬቲና የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ዓይን ከሚደርሰው ሲሶ ያህሉ ብቻ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ መጋረጃ ዘግቶ፣ መብራት አጥፍቶ በፕሮጀክተር ማስተማር ለወጣቶች ቢስማማም አረጋዊው ማስታወሻ እንዳይዝ ያደርገዋል። ጽሑፉ በነጭ ላይ ጥቁር፣ ፊደሉም ትልቅ መሆን አለበት። ይህ በተለይ ለአማርኛ ያስፈልጋል። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት ከቀኝ እግራቸው መሃል ወይም ግርጌ በምትወጣ አንዲት ትንሽ ጭረት ነው። በደቃቅ ፊደል የታተመ ወረቀት የተሰጠው አንባቢ ዓይኑ ከደከመ አንብቦ ሳይሆን ገምቶ ነው የሚያልፈው። የቢሮ ሰርኩላር የለመዱ አንባቢዎች ይህን ሳያውቁት አይቀሩም።

የመስማት ችግርም እንዲሁ የራሱ ባሕርይ አለው። በዕድሜ ምክንያት የሚመጣው የመስማት መድከም የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ሲሆን፣ «ስ»፣ «ሽ» እና «ፍ» የመሳሰሉት ተነባቢዎች ቀድመው ይደበዝዛሉ። አረጋዊው ድምፁን ይሰማል፤ ቃሉን ግን አይለየውም። በመሆኑም መጮኽ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ፊትን ወደ ተማሪዎች አዙሮ፣ ቃላትን ሳያጣድፉ መናገር ነው። ጀርባን ሰጥቶ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ማውራት የግማሹን ክፍል ትምህርት እንደመሰረዝ ይቆጠራል። ከፊት የተቀመጠ ሰው ጥያቄ ሲያነሳ መምህሩ ጥያቄውን ደግሞ ማሰማት አለበት፤ አለበለዚያ ከኋላ ያሉት መልሱን ብቻ ሰምተው ግራ ይጋባሉ። ስሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ሰፊ አዳራሽም ድምፅን ስለሚያስተጋባ፣ ትልቅነቱ እንደ ክብር ተቆጥሮ ባይመረጥ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የክብር ጉዳይ ነው። በአንድ የአረጋውያን ክፍል ውስጥ የቀድሞ መምሪያ ኃላፊ፣ የቀድሞ ጽሕፈት ቤት ተላላኪና የቀድሞ አስመራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ስብሰባ መምራት የለመደው ሰው መናገር ከጀመረ የሚያቋርጠው የለም፤ ተላላኪ የነበረው ደግሞ እጁን አያነሳም። መምህሩ የ28 ዓመት ወጣት ከሆነ ችግሩ ይበረታል። ታላቅን በአደባባይ ማረም በባህላችን እንደ ድፍረት የሚታይ በመሆኑ፣ ወጣቱ መምህር ስህተት ሰምቶ ዝም ሊል ይችላል። በአንጻሩ «እናቴ፣ አባቴ» እያለ እንደ ሕፃን የሚያባብል መምህርም አለ፤ ይህም አክብሮት መስሎ ይቅረብ እንጂ ተማሪውን ያሳንሳል። የሚሠራው ዘዴ ክፍሉን አራት አራት ሰው ባለባቸው ቡድኖች ማዋቀር ነው። በቡድን ውስጥ ዝምተኛው ይናገራል። እርማት በግል ወይም ለሁሉም በወል ይሰጣል እንጂ አንድን ሰው ሰሌዳ ፊት አቁሞ አይሆንም። የቀድሞ ኃላፊውም ቢሆን ቦታ ሊነፈገው አይገባም። አንድ ክፍለ ጊዜ በሚያውቀው ጉዳይ እንዲያቀርብ ቀን ቢቆረጥለት በሌሎቹ ቀናት አድማጭ መሆን ይቀለዋል።

የኮርሱ አጭርነትም ከተማሪዎቹ ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። አረጋውያን ሥራ ፈት ናቸው የሚለው ግምት ትክክል አይደለም። የልጅ ልጅ ይጠብቃሉ፣ እድር ይመራሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የሐኪም ቀጠሮ አለባቸው። ስለሆነም እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በራሱ የሚቆም መሆን ይገባዋል። አንድ ሳምንት የቀረ ሰው በተከታዩ ሳምንት ሲመጣ ያለፈው በአምስት ደቂቃ ተከልሶለት መቀጠል ካልቻለ አይመለስም። የትምህርት ቀን ሲወሰንም የበዓላትን፣ የገበያንና የአርብ ጸሎትን ሰዓት ተማሪዎቹን ጠይቆ መወሰን እንጂ ከቢሮ ፕሮግራም አውጥቶ መለጠፍ አያዋጣም።

ኢትዮጵያ በጎልማሶች ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። በዚያ ዘመቻ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የወላጆቻቸውን እኩዮች ፊደል አስቆጥረዋል። ወጣት አረጋዊን ማስተማር አይችልም የሚለውን ለማስተባበል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ከዘመቻው በኋላ ግን የሚነበብ ጽሑፍ በእጁ ያልገባ ብዙ ሰው የተማረውን መልሶ ረስቷል። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ የተደረገው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ንባብን ከግብርና፣ ከጤናና ከገቢ ማስገኛ ሥራ ጋር በማቆራኘት ይህን ጉድለት ለመሙላት ያለመ ነበር። ይሁን እንጂ በአራተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራም የታለሙት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 60 ዓመት የሆኑ ሰዎች ነበሩ። የመንግሥት ሠራተኛ በጡረታ የሚገለልበት መደበኛ ዕድሜም 60 ዓመት ነው። የአንዱ በር በሚዘጋበት ዕድሜ የሌላውም ጣሪያ ያበቃል ማለት ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት አዲስ ተቋም ማቋቋም የግድ አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲዎች ተልዕኮ አድርጎ ደንግጓል። የመሥሪያ ቤቶች የስብሰባ አዳራሾችም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ ናቸው። የሚቸግረው ርዕስ መምረጥም አይደለም፤ ዛሬ የአረጋውያንን ኑሮ በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ በእያንዳንዱ ጡረተኛ ኪስ ውስጥ ይገኛል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የባንኮች የስልክ አገልግሎትም እየተስፋፋ በመሄዱ የብዙ ሰው ገንዘብ በእጅ ስልክ የሚንቀሳቀስ ሆኗል። አጠቃቀሙን ያልተማረ አረጋዊ የሚስጥር ቁጥሩን ለልጅ ልጁ፣ ለጎረቤቱ ወይም ለሱቅ ጠባቂ ይነግራል። የ35 ዓመት አገልግሎት ያስገኘው የጡረታ አበል በጥቂት አኃዞች ተጠብቆ፣ አኃዞቹ ግን በሦስት ሰዎች ዘንድ ይታወቃሉ። ገንዘቡ ሲጎድል አረጋዊው ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም፤ ቢያውቅም ቤተሰቡን መክሰስ ያሳፍረዋል።

ይህን ለማስተማር አራት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ተማሪው የፊደሉን መጠን ያሳድጋል፣ የስልኩን ቁልፍ ያበጃል፤ ሌላ ምንም አይማርም። በሁለተኛው ቀሪ ሒሳቡን ማየት ይለማመዳል። በሦስተኛው የሚስጥር ቁጥሩን ማንም ሳያየው ይቀይራል፤ የባንክም ሆነ የቴሌ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ደውሎ ቁጥሩን የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ መሆኑንም ያውቃል። መምህሩ የሚመራበት አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፤ የተማሪውን ስልክ በእጁ አይነካም። ለመርዳት ብሎ ስልኩን ተቀብሎ ቶሎ ቶሎ የሚነካካ መምህር ሥራውን ያቀላጥፋል፣ ተማሪው ግን ቤቱ ሲገባ ማድረግ አይችልም። ሁሉም በራሱ ስልክ፣ በራሱ ጣት ይሠራል፤ ቅደም ተከተሉ በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት አንድ ወረቀትም ይዞ ይሄዳል። በአራተኛው ቀን እያንዳንዱ ተማሪ አጠገቡ ለተቀመጠው አምስት ብር ይልካል፤ ያም መልሶ ይልክለታል፤ ሁለቱም መልእክቱ መድረሱን መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ።